ክፍል ውስጥ ሀክ አድርጎ ማሳየት ሌባ ማሠልጠን ነው ወይ?

ሰሞኑን በጅማ የኢንተርኔት መድረካችን ላይ የዚህን ያህል የተነበበ ክር (የጽሑፍና የምላሽ ሰንሰለት) የለም። ከመሃል የገባው ሰው ግን መነሻው ጠፍቶት በማያገባው ሲጣላ አየሁ። ስለዚህ እንደ መድረኩ ተቆጣጣሪ ነገሩን ከላይ እስከ ታች በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ስምም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የራሴን አስተያየት ግን እዚህም እዚያም ጣል አደርጋለሁ፤ ታገሡኝ።

መነሻ ጽሑፍ

ክሩን የከፈተው ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ማሠልጠኛ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። የሳይበር ደህንነትን ለወራት በስላይድ አስተማረ። ተማሪዎቹ ትርጓሜውን ሸመደዱ፣ ፈተናውን አለፉ። ከክፍል ሲወጡ ግን ፓስወርዳቸው ያው የስልክ ቁጥራቸው ነው። ይሄ አበሳጨው።

አንድ ቅዳሜ አሮጌ ራውተርና ሁለት ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ራውተሩ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም። ዋይፋዩን ያለ ፓስወርድ ክፍት አደረገው። አንደኛው ላፕቶፕ ላይ ራሱ የሠራት የመግቢያ ገጽ አለች። ተማሪዎቹ በስልካቸው ገብተው የፈጠራ ስምና የፈጠራ ፓስወርድ እንዲሞሉ አደረገ። በሌላኛው ላፕቶፕ ዋየርሻርክን፣ በኔትወርክ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ከፈተ። የሞሉት ሁሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ወጣ። ክፍሉ ተንጫጫ። ቀጥሎ ገጿን ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ መረጃውን መስጥሮ ወደሚልከው አሠራር፣ ቀየራትና እንደገና አስሞላቸው። አሁን ግድግዳው ላይ የመጣው ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ነው።

በሳምንቱ የአንድ ተማሪ አባት ማሠልጠኛው ድረስ መጡ። ልጃቸውን ሌብነት እያስተማሩባቸው እንደሆነ ተናግረው ተቆጡ። ሥራ አስኪያጁም ነገሩ ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ። የመምህሩ ጥያቄ አጭር ነው፦ ትክክሉ እሱ ነው ወይስ አባትየው?

ምላሽ 1 እና 2

የመጀመሪያው መላሽ አዲስ አበባ የሚሠራ የጅማ ልጅ ነው። መምህሩን ከልቡ አመሰገነ። እሱ ሲማር ምስጠራን በሰሌዳ ላይ በሒሳብ ሠርቶ አረጋግጧል። የኔትወርክ ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዝ ቁራጭ መረጃ) ምን እንደሚመስል ግን በዓይኑ ያየው ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። አለቃው ፊት ያፈረበትንም ቀን ጨምሮ አጫወተን።

ሁለተኛው ልጆች ያሳደጉ አባት ናቸው። በጣም በጨዋ ቋንቋ፣ መምህሩን አንቱ እያሉ፣ አባትየው አልተሳሳቱም ብለው ጻፉ። ወላጅ ልጁን ወደ ማሠልጠኛ ሲልክ ቤቱ ሆኖ ምን እንደሚማር አያይም። የሚያየው ማታ የሚያወራውን ነው። ልጁ እራት ላይ የሰው ፓስወርድ ማንበብ ቻልኩ ካለ ደግሞ የትኛውም አባት ይደነግጣል። እኔ እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ወላጅ ቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው የሕግ ሰው ነው፤ ጽሑፉም እንደ ሕግ ሰው ረዘም ይላል። ፍሬው ይሄ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። ጉዳት ባይደርስም መግባቱ በራሱ ይበቃል። ራውተሩም ገጿም የመምህሩ ናቸው፣ ተማሪዎቹም አውቀው ነው የሞሉት። ስለዚህ ወንጀል የለም። ያንኑ ነገር ጎረቤት ካፌ ዋይፋይ ላይ ቢያሳይ ኖሮ ግን ወሬው ሌላ ነበር።

አራተኛው አዋጁን በቁንጽል አታቅርብልን ብሎ መጣ። አዋጁ መግባትን ብቻ ሳይሆን ለወንጀል ተብለው የተሠሩ ፕሮግራሞችን የሚሠራውንና የሚያሰራጨውንም ይነካል። መምህሩ ለተማሪዎቹ ፕሮግራም በፍላሽ እየሰጠ ከሆነ ይጠንቀቅ አለ። የሕጉ ሰው ተመልሶ መለሰለት። ዋየርሻርክ የኔትወርክ ባለሙያ በየቀኑ የሚከፍተው መሣሪያ ነው፤ ለወንጀል ብቻ የተሠራ አይደለም። ቢሆንም የማስጠንቀቂያው መንፈስ ልክ ነው ብሎ ተቀበለ። በመድረካችን ላይ እንዲህ ተከራክሮ መቀባበል ብዙ ጊዜ አይታይምና ለሁለቱም ላይክ ሰጠሁ።

ምላሽ 5፣ 6 እና 7

አምስተኛው ፋየርሺፕ የሚባለውን ፕሮግራም አስታወሰን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ኤሪክ በትለር የተባለ ፕሮግራመር ለፋየርፎክስ ብራውዘር ትንሽ ተጨማሪ ሠርቶ ለቀቀ። ክፍት ዋይፋይ ባለበት ካፌ የተቀመጠ ማንም ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ በሌላ ሰው የፌስቡክ ገጽ መግባት ቻለ። ችግሩ በባለሙያዎች ዘንድ ለዓመታት የታወቀ ነበር። ያነበበው ብዙ ነው፣ የተንቀሳቀሰ ግን ጥቂት ነው። ዓይን ሲያየው ጊዜ ግን ጫጫታው በረታ፤ ፌስቡክ ብዙም ሳይቆይ በጥር 2011 ተጠቃሚው ሙሉ በሙሉ በኤችቲቲፒኤስ እንዲጠቀም አማራጭ ሰጠ። ስለዚህ ማሳየት ያስተካክላል የሚል ነው መደምደሚያው።

ስድስተኛው ሙድ የሚይዝ ዓይነት ነው። ያ ታሪክ አርጅቷል አለ። ዛሬ ሰው የሚጠቀምባቸው ትልልቅ ድረ ገጾች ሁሉ የተመሰጠሩ ናቸው። መምህሩ ዋይፋዩን ራሱ ከፈተ፣ ያልተመሰጠረች ገጽ ራሱ ሠራ፣ ከዚያ ራሱ ሰበራት። ይሄ ትምህርት ሳይሆን የአስማተኛ ጨዋታ ነው ብሎ ቋጨ።

አነጋገሩ ጎርበጥ ቢልም ነጥብ አለው። መምህሩ ሳይከፋው መለሰ። ተማሪዎቹ ብራውዘር ላይ ያለችው የመቆለፊያ ምልክት ምን እንደምትሠራ የገባቸው ስትጠፋ ምን እንደሚሆን ካዩ በኋላ ነው። ደግሞ ትልልቆቹ ድረ ገጾች ቢመሰጠሩም በየቤቱ ያለው ራውተር የራሱ መቆጣጠሪያ ገጽ አለው። ብዙዎቹ ላይ ገጹ ዛሬም ያልተመሰጠረ ነው፣ ስሙም ፓስወርዱም ከፋብሪካ እንደወጣ አድሚን አድሚን ነው። ወደ ቤታችሁ ሂዱና እዩ አለ። እዚያ ላይ ስድስተኛው ዝም አለ። አይቶ ይሆናል።

ምላሽ 8፣ 9 እና 10

እዚህ ላይ ክሩ ጣፈጠ። ስምንተኛው መርካቶ ውስጥ ቁልፍ የሚቀርጹ ሰውዬ ናቸው። የኛውን የጅማውን መርካቶ ማለታቸው ነው። ሙያውን ከአጎታቸው ሲማሩ እናታቸው ይህንኑ ስጋት ተናግረው ነበር አሉ። ቁልፍ መክፈት ሳያውቅ ቁልፍ የሚሠራ የለም። እሳቸው የበሩን ባለቤት ሳያዩ አይከፍቱም፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ጎረቤት ይጠይቃሉ። አጎታቸው ከመክፈቱ በፊት ያስተማራቸው መጠየቁን ነው።

ዘጠነኛው ይህን ሲያነብ የሩቅ ታሪክ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ታላቁ ዐውደ ርእይ ተካሂዶ ነበር። አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ እዚያ ሄደ። የማይከፈት የሚባለውን የቸብ ኩባንያ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ሰው እያየው ከፈተ። ከዚያ የብራማ ኩባንያ ለአሥርት ዓመታት በሱቅ መስኮት ሰቅሎ፣ ለሚከፍተው 200 ጊኒ እሰጣለሁ ያለበትን ቁልፍ ያዘ። ያንን በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው። እንግሊዞች ተቆጡ። ሌባ ታስተምራለህ ተባለ። የሆብስ ወገኖች መልስ ሌባው ቀድሞ ያውቃል፣ የማያውቀው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሠሪዎቹ ቁልፋቸውን ማሻሻል ግድ ሆነባቸው።

ሁሉም አሪፍ ነው እያለ ሲያጨበጭብ አሥረኛዋ ቀዝቃዛ ውኃ ደፋችበት። የቁልፉ ምሳሌ ያስኬዳል፣ ግን እስከ ደጃፍ ብቻ ነው አለች። ቁልፍ የሚሰብር ሌባ በሩ ድረስ መምጣት አለበት፤ ሰው ያየዋል፣ ውሻ ይጮህበታል። ጅማ የተቀመጠ የ16 ዓመት ልጅ ግን አልጋው ላይ ተኝቶ የሺህ ሰው በር ሊያንኳኳ ይችላል። ማንም አያየውም። ስለዚህ እንዴት እንደሚከፈት ማሳየት የሚያመጣው አደጋ በሁለቱ ሙያዎች እኩል አይደለም።

በዚህ ሁሉ ክር ውስጥ ከመቃወሚያዎቹ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። መልስ የሰጣት ሰው የለም። ቁልፍ ሠሪው ብቻ እውነትሽን ነው ልጄ ብለው ጻፉላት።

ከ11 እስከ 14

ክሩ መስመር የሳተበት ቦታ ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። አንዱ ፈረንጅ አራዳ አንድ ጽሕፈት ቤት መመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሹን ሰክቶ በሾርትከት ቫይረስ የተበላበትን ቀን ተረከ። ሌላው ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው አለውና በአትሪብ ትዕዛዝ እንዴት እንደሚመለሱ ጻፈለት። ሦስተኛው ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ሊልክለት ሲል ሁሉም ተረባረበበት። ቫይረስን በተሰረቀ መድኃኒት! አራተኛው ስለ መብራት መቆራረጥ አማረረ። ምን እንዳገናኘው አልገባኝም፤ ግን ጅማ ነው፣ ዝናቡም መጥቶ ነበር።

ከ15 እስከ 19

አሥራ አምስተኛው የመጋቢት 2016ን ሌሊት አነሳ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ያወጡበትን ማለት ነው። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። የጅማ ተማሪዎችም በዜና ተነሡ። የጸሐፊው ነጥብ እንዲህ ነው፦ ያን ሌሊት ሀክ ያደረገ ማንም የለም። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናግሯል። ሰዎቹ የተጠቀሙት ካርዳቸውንና የስልካቸውን መተግበሪያ ነው። ስለዚህ ልጆቹን የሚያበላሸው የኮምፒውተር እውቀት አይደለም፤ ያለ እውቀትም በር ክፍት ሲገኝ የሚገባ ይገባል።

አሥራ ስድስተኛው ወዲያው እሳት ለብሶ መጣ። የጅማን ተማሪ ሁሉ ሌባ አታድርገው አለ። አሥራ ሰባተኛው አብሮት የሚኖር ልጅ በነጋታው ወረፋ ይዞ እንደመለሰ ጻፈ። አሥራ ስምንተኛው ይቅርታ፣ እሱን ሰርዤዋለሁ። ስድብ ነበር፣ ዘርም ቀላቅሎበታል። አሥራ ዘጠነኛው ለምን ሰረዝክ ብሎ ሊከሰኝ የመጣ ነው። የመድረኩን ደንብ ያንብብ።

የአሥራ አምስተኛው ሐሳብ ግን በጩኸቱ መሃል ተዋጠ፤ ያሳዝናል። መምህሩ ሀክ ባያሳይ ልጆቹ ጨዋ ይሆናሉ የሚለው እምነት ያን ሌሊት ፈተናውን ወድቋል። ሀክ ካሳየ በኋላ ጨዋ ይሆናሉ ማለት ግን አይደለም። የአሥረኛዋ ጥያቄ አሁንም እንደቆመ ነው።

ምላሽ 20 እና 21

ሂርማታ ገበያ ቡና የምትሸጥ ሴት ገባች። መጀመሪያ እዚህ ስለምታወሩት ግማሹ አልገባኝም ብላ ጀመረች። ከዚያ የእናቷን ነገር ተረከች። አንድ ሰው ደወለላቸው። አነጋገሩ ትሁት ነው፣ እማማ ይላቸዋል። ዕጣ ደርሶዎታል አለ። ስልክዎ ላይ የመጣውን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ አለ። አነበቡለት። የልጆቻቸው ልብስ መግዣ ሄደ። ሰውየው ዋየርሻርክም ምንም አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው ጥሩ ምላስ ነው። ልታሳዩ ከፈለጋችሁ ይህን አሳዩን ብላ ዘጋች።

ሃያ አንደኛው ባንክ ውስጥ የሚሠራ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ስላስረዳ ሰፋ አድርጌ ላስቀምጠው። ደዋዩ ሲደውል በሌላ ስልክ የገንዘብ መተግበሪያውን ከፍቷል። የእናትየውን ስልክ ቁጥር ያስገባል። ሲስተሙ የቁጥሩ ባለቤት እሷ መሆኗን ለማረጋገጥ የማረጋገጫ ኮድ ይልካል። ኮዱ የሚመጣው ወደ እናትየው ስልክ ነው። ሲስተሙ ትክክል ሠርቷል፤ የጎደለው ያንን ቁጥር ለእሱ የሚያደርስለት ሰው ብቻ ነው። ያንን ሰው በስልክ ይፈልጋል። ከዚያ ፒኑን ደግሞ በሌላ ማታለያ ይጠይቃል፣ ወይም የትውልድ ዓመት ሞክሮ ያገኘዋል። ለዚህ ነው የትኛውም ባንክ ወይም የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ሠራተኛ ደውሎ ኮድ የማይጠይቀው። ኮዱ የተሠራው ለማንም እንዳይነበብ ነውና። የጠየቀ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ልዩነት የለም።

ከእነዚህ ሁለት ምላሾች በኋላ የክሩ መልክ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ክርክሩ ማሳየት ይገባል ወይስ አይገባም ነበር። ከዚህ በኋላ ምኑን ነው ማሳየት የሚገባው ሆነ። እኔም በልቤ የያዝኩት ይሄንን ነው። ጅማ ውስጥ ሰው የሚዘረፍበት መንገድ በአብዛኛው በኬብል አያልፍም፣ በጆሮ ነው የሚያልፈው። ተማሪው ፓኬት ሲያነብ ውሎ ማታ እናቱ ኮድ ብታነብ ምን ተማርን?

ከ22 እስከ 24

ሃያ ሁለተኛው መላ አለኝ አለ። መምህሩ ለተማሪዎቹ ወላጆች ሳይነግራቸው የሐሰት የዕጣ መልእክት ይላክ፤ ማን እንደሚታለል ይቆጠር፣ ውጤቱ ክፍል ውስጥ ይነገር። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን እንዲህ ይፈትናሉ አለ። እውነቱን ነው፣ ይፈትናሉ።

ሃያ ሦስተኛዋ ግን አልማረችውም። ሠራተኛ ሲቀጠር ደንብ ይፈርማል፤ የኔ እናት ምን ፈርማለች? አንዴ የተዘረፈች ሴት ሁለተኛ በልጇ አስተማሪ ልትታለል፣ ስሟም ክፍል ውስጥ ሊነሳ! ይህን ያሰበ ሰው ከደዋዩ በምን ይለያል አለች። ከሂርማታዋ ሴት ጋር ሳይተዋወቁ ተባበሩ፤ እሷም ከሥር አመሰገነቻት። የሕጉ ሰው ደግሞ ብቅ አለና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ጠቆመ። የሰውን ስልክ ቁጥርና የሰውን ስህተት ሰብስቦ መያዝ ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል።

ሃያ ሁለተኛው ሐሳቡን አነሳ። ልክ አደረገ። ሰውን አዋርዶ የሚያስተምር ማሳያ ተሳክቶ አያውቅም፤ የተዋረደው ሰው የሚይዘው ትምህርቱን ሳይሆን ቂሙን ነው።

ምላሽ 25፣ 26 እና 27

ሃያ አምስተኛው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሆነ ተማሪ ነው። ሁለት ነገር ይዞ መጣ።

አንደኛው ስለ መለማመጃ ነው። የሰው ነገር ሳይነኩ መለማመጃ ሞልቷል አለ። ሆን ተብለው ቀዳዳ የተተወላቸው ገጾችና ሲስተሞች አሉ፦ ዲቪደብልዩኤ፣ ጁስ ሾፕ፣ ሜታስፕሎይቴብል። ቨርቹዋልቦክስ በሚባል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥር ፕሮግራም ላይ ይጫናሉ፣ ኔትወርኩ ከውጭ ይዘጋል፣ ከዚያ እንደፈለጉ ይሰበራሉ። አንዴ ከወረዱ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም፣ በፍላሽ ይዞራሉ። ለጀማሪ ደግሞ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጀው ፒኮ ሲቲኤፍ የተባለ የሳይበር ውድድር በነፃ አለ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ለወጣቶች የሚያዘጋጀውን የሳይበር ታለንት ፕሮግራምም ጠቆመ።

ሁለተኛው ስለ ፓስወርድ ነው፣ እሱን ወድጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ሮክዩ ከተባለ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ፓስወርድ ሾለከ። ምንም ሳይመሰጠር ነበር የተቀመጠው። ብዙ ሰው የመረጠው 123456 ሆኖ ተገኘ። ያ ዝርዝር ዛሬም መለማመጃ ነው። ለኛ ግን ዝርዝሩም አያስፈልግም ይላል ተማሪው። ስልክ ቁጥሩን ፓስወርድ ያደረገ ሰው በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። የሚቀሩት 8 አሃዞች ናቸው። በእያንዳንዱ ቢበዛ 100 ሚሊዮን፣ በሁለቱ 200 ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው። የገጹ ማከማቻ ቢሾልክና ፓስወርዱ የተቀመጠው በአሮጌው ኤምዲ5፣ ማለትም በፍጥነት ወደ ዝብርቅርቅ በሚቀይር ዘዴ ከሆነ፣ አንድ ላፕቶፕ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ብቻ ቢሞክር ሁሉንም በ20 ሰከንድ ይጨርሳል። ሆን ተብሎ እንዲዘገይ በተሠራው በቢክሪፕት ካስቀመጠው ግን ያው ላፕቶፕ በሰከንድ 100 ቢሞክር 23 ቀን ይፈጃል። ያውም ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው ሰው ከዜሮ ይጀምራል። ፓስወርዱ ያው ነው። የተለወጠው ፕሮግራመሩ የመረጠው ዘዴ ነው። ክፍል ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዱና አሳዩ አለ።

ሃያ ስድስተኛው ሒሳቡን ሊያርም ገባ። ሁሉም ቁጥር ለሰው አልተሰጠም፣ ስለዚህ አማራጩ ከዚያም ያንሳል አለ። ልክ ነው፣ ግን ፀጉር ስንጠቃ ነው።

ትክክለኛውን ቀዳዳ ያገኘችው ሃያ ሰባተኛዋ፣ የሂርማታዋ ሴት ናት። ፓስወርዴ የራሴ ስልክ ቁጥር ከሆነ፣ የሚያውቀኝ ሰው ምን 23 ቀን ያስቆጥረዋል አለች። ቁጥሬ የቡናው ሱቅ በር ላይ ተለጥፏል! በመጀመሪያው ሙከራ ይገባል። ተማሪው ሳቀና አሸነፍሽኝ አለ። እሷ ግማሹ አልገባኝም ብላ ነበር የጀመረችው።

ምላሽ 28፣ 29 እና 30

ነገሩ ተረጋጋ ስንል ከመምህሩ ተማሪዎች አንዱ ጻፈ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ የክፍል ጓደኛው ያየውን ሊሞክር ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። ምንም አላገኘም፣ ምንም አልነካም። ግን ሞክሯል። መምህሩ ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ።

ሁለተኛ ላይ የጻፉት አባት ተመለሱ። ይህ ጊዜ አንቱታው እንዳለ ነው፣ ድምፁ ግን ከርሯል። እኔ ምን ብዬ ነበር አሉ። ሕግ ጠቀሳችሁ፣ ለንደን ድረስ ሄዳችሁ፣ የቁልፍ ታሪክ አወራችሁ። ልጁ ግን ካፌ ገባ። ቢያዝ ኖሮ 3 ዓመቱን የሚቀመጠው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

መምህሩ ዘግይቶ መለሰ። ልጁን አግኝቶ አነጋግሮታል። ማሳየቱን አልተውም አለ፤ ሁለት ነገር ግን ይለውጣል። አንደኛ፣ ካሁን በኋላ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚቀድመው የፈቃድ ትምህርት ነው፣ የአዋጁ አንቀጽ ራሱ ይነበባል። ተማሪው ይፈርማል፤ 18 ያልሞላው ወላጁም ይፈርማል። ወላጅ ከፈለገ ክፍል ገብቶ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ መዝጊያው ያልተዘጋጀለት መክፈቻ ክፍል ውስጥ አይታይም። ኤችቲቲፒኤሱን ሳያበራ ክፍሉ አይበተንም።

እኚሁ የመድረኩ አባት ወረቀት ልጅ አያስቆምም ብለው ጻፉ። ለሌላ ሰው ግን አልመለሱም። እኔ በከፊል እስማማለሁ። ወረቀቱ ልጁን ላያስቆመው ይችላል። ወላጁን ግን ክፍል ያስገባዋል፤ እስካሁን የጎደለውም እሱ ነበር።

ከ31 እስከ መጨረሻው

የሕጉ ሰው የስምምነቱን ረቂቅ ጻፈና ለጠፈ፤ አንድ ገጽ ነው፣ ለሌላ መምህርም ይሆናል። የባንኩ ሠራተኛ በትርፍ ሰዓቱ መጥቶ የደዋዩን ክፍል ልጫወት አለ። አሠራሩን መምህሩ አስረዳ። አንድ ሰው ደዋይ ይሆናል፣ ሌላው ፈቅዶ ተደዋይ ይሆናል። የቀሩት ተማሪዎች ደዋዩ የተጠቀመባቸውን ማባበያዎች ይመዘግባሉ፦ ማስቸኮል፣ ማስፈራራት፣ ማሞገስ፣ ስልኩን እንዳትዘጋ መለመን። ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ኮዱ የፈጠራ ነው፣ ስልኩ ግን የእውነት ይጮኻል።

አሥረኛዋ ጸሐፊ ይህን አይታ ይሄኛው የሚያስተምረው ከሚያስታጥቀው ይበልጣል አለች። ከእሷ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም።

የሂርማታዋ ሴት ተማሪ ያልሆነ ሰው መምጣት ይችላል ወይ ብላ ጠየቀች። እናቷንና ሁለት ጎረቤቶቿን ልታመጣ ነው። መምህሩ ሥራ አስኪያጁ በወረቀቱ ተስማምቶ እንደፈቀደ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንደሆነ፣ ለእናቶች ክፍያ እንደሌለ ነገራት። ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ይምጡ አለ። ቁልፍ ሠሪውም እኔስ ብለው ጠየቁ፤ እሳቸውም ተጋበዙ።

ሠላሳ ስድስተኛው ለመለማመጃ የሚሆን ያገለገለ ራውተር አለኝ፣ በቅናሽ እሸጣለሁ አለ። ከዚያ በታች ያሉት ምላሾች ሁሉ የትኛው ራውተር ይሻላል የሚል ጠብ ናቸው። ወደ ሽያጭና ግዢ ክፍል አዛውሬያቸዋለሁ፤ እዚያ ሂዱና ተከራከሩ።